«ሰርን እናስገባለን» ለሚል የኳንተም ኮርስ 38 ሺህ ብር ይከፈል ወይ? ከደሴ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከደሴ ነው የመጣው፣ ትንሽ አሳጥሬው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነው፣ አሁን ግን ትምህርቱን ልተውና ኳንተም ልማር እያለ ነው። ስዊዘርላንድ ያለው ትልቁ የፊዚክስ ላብራቶሪ ኳንተም ኮምፒውተር ሠርቷል፣ ዕቃ ከቦታ ቦታ በቅጽበት ማሻገር ተችሏል፣ በቅርቡ የባንኩም የቴሌብሩም ፓስወርድ ሁሉ ይሰበራል፣ አሁን ያልገባበት ሰው አለቀለት ይላል። አንድ ማሰልጠኛ በ3 ወር ሰርተፊኬት ሰጥተን እዛው ላብራቶሪ እናስገባሃለን ብሎ 38 ሺህ ብር ጠይቆታል፣ ግማሹን በቅድሚያ። ብሩን የማወጣው እኔ ነኝ። እውነት ነው ወይ? ልክፈል?»

አትክፈይ። ግማሹንም ሩቡንም፣ «ቦታ ለመያዝ» ተብሎ የሚጠየቀውንም አትክፈይ። መልሱን ያስቀደምኩት ብሩ ነገ ሊወጣ ስለሚችል ነው፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ሁለተኛ ነገር ወንድምሽ ኢንጂነሪንጉን እንዳይተው፣ ይሄ ከብሩም በላይ ያሳስበኛል። ኳንተም፣ የአተምንና ከአተም ያነሱ ነገሮችን ጠባይ የሚያጠናው ፊዚክስ ማለት ነው፣ ውሸት ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው፣ እውነት ነው፣ እኔም ዕድሜዬን የሰጠሁበት ሙያ ነው። ግን እነዚህ ትልልቅ ላብራቶሪዎች በኳንተም ስም የሚሠሩትን ሥራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አብዛኛው የኢንጂነር ሥራ እንደሆነ ያውቃል፣ ልጁ ሊጥለው ያሰበው ነገር እዛ የሚፈለገው ራሱ ነው።

ላብራቶሪው ሰርን ይባላል፣ ጄኔቫ አጠገብ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ነው ያለው፣ የተመሰረተው በ1954 ነው (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ዋና ሥራው ፓርቲክል፣ ከአተም ያነሱ ቅንጣቶች ማለት ነው፣ ማጋጨት ነው። ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ዋሻ አለ፣ ከደሴ ተነስተሽ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ እስክትገቢ ከምትሄጂው መንገድ ትንሽ ይረዝማል፣ እዛ ውስጥ ፕሮቶኖች በሁለት አቅጣጫ ለብርሃን ፍጥነት በጣም ተጠግተው እየሮጡ ይጋጫሉ። ሒግስ ቦዞን የሚባለው ፓርቲክል መገኘቱ በ2012 የተነገረው እዛ ነው፣ ሁላችንም የምንጠቀምበትን ዌብም ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ሐሳቡን ያቀረበው እዛ ሲሠራ ነው። ኳንተም ኮምፒውተር ሠርቶ እንደ አይቢኤም ካሉ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ጋር መፎካከር ግን የሰርን ሥራ አይደለም። በ2020 «ኳንተም ቴክኖሎጂ ኢኒሼቲቭ» የሚል ፕሮግራም ጀመሩ፣ 2024 ላይ ሁለተኛው ምዕራፍ ገባ፣ የሚያጠኑት አራት አምስት ዓይነት ነገር ነው፣ ስሌቱን፣ ሴንሰሩን፣ ኔትወርኩን፣ ቲዎሪውን፣ ኮምፒውተሩን ግን ከሌሎች ነው የሚጠቀሙት። ከጠቅላላው ግቢ ሥራ ሲታይ ትንሽ ክፍል ነው።

ወንድምሽ ያያቸው ቪዲዮዎች ሁለት ላብራቶሪ ሳይቀላቅሉበት አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ። ሌላው ፌርሚላብ ነው፣ አሜሪካ ቺካጎ አጠገብ ያለ፣ በ1967 የተመሰረተ፣ እሱም የፓርቲክል ፊዚክስ ላብራቶሪ ነው። የኳንተም መሣሪያ ራሱ ላይ ጠልቆ የገባው እሱ ነው። በ2020 የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት አምስት ብሔራዊ የኳንተም ምርምር ማዕከላት ሲያቋቁም አንዱን ለፌርሚላብ ሰጠው፣ ለአምስት ዓመት 115 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት፣ የመራችውም አና ግራሴሊኖ የምትባል ጣሊያናዊት ሳይንቲስት ናት።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ፓርቲክል የሚያጋጭ ቤት ኳንተም ውስጥ ምን አገባው? መልሱ ብርድ ነው ከሞላ ጎደል። የሰርን ማግኔቶች የሚሠሩት በ1.9 ኬልቪን ነው፣ ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው፣ ባዶው ሕዋ ራሱ 2.7 ኬልቪን ስለሆነ ከሕዋ ይበርዳል። የጉጉፍቱ ብርድ በዚህ ሲታይ እሳት ነው። እንዲህ ያለ ብርድ በ27 ኪሎ ሜትር ላይ ሳያቋርጥ መያዝ የቻለ ቤት በዓለም ላይ ሌላ የለም። ኳንተም ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ኪዩቢት የምትባለዋ ትንሽ ሰርኪዩት ደግሞ ከዚህም የባሰ ብርድ ትፈልጋለች፣ 0.01 ኬልቪን አካባቢ፣ እዛ ለመድረስ ሁለት ዓይነት ሒሊየም እየቀላቀለ የሚያቀዘቅዝ ልዩ ማሽን አለ። ለምን ይሄ ሁሉ ብርድ ካልሽኝ ሙቀት ማለት መንቀጥቀጥ ነው፣ ኪዩቢቷ የያዘችው ነገር በጣም ስስ ስለሆነ ትንሽዬ መንቀጥቀጥ ያጠፋዋል። እና እነዚህ ላብራቶሪዎች ለሌላ ዓላማ ብለው በአሥርት ዓመታት የገነቡት የማቀዝቀዝ፣ አየር አውጥቶ ባዶ የማድረግ፣ ንጹሕ ብረት የመሥራት ችሎታ ኳንተም ሲመጣ ተፈላጊ ሆነ።

ይሄን ነገር በክራር ላስረዳሽ፣ ወሎ ተወልዶ ክራር ያልሰማ ስለሌለ። አንዱን ክር መትተሽ እጅሽን አንሺና ስሚው፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጮኽና ይሞታል። አሁን ደግሞ ስትመቺው በሌላኛው እጅሽ ጣት ጫፍ ክሩን በጣም ስስ አድርገሽ ንኪው፣ ድምፁ ወዲያው ይከስማል። ነካ ማድረግሽን እንኳን ላታውቂው ትችያለሽ፣ ክሩ ግን ያውቃል። ፌርሚላብ የሚሠራበት ነገር ካቪቲ ይባላል፣ ኒዮቢየም ከሚባል ብረት የተሠራ ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ ነው፣ ፓርቲክል ለመግፋት የተፈለሰፈ። ማይክሮዌቭ፣ ምድጃውን ሳይሆን ሞገዱን ማለቴ ነው፣ ውስጡ ሲገባ ልክ እንደ ክራሩ ክር ይጮኻል። ኒዮቢየም ከ9.2 ኬልቪን በታች ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፣ ኤሌክትሪክ ምንም ሳይጎትተው ይሄድበታል፣ ስለዚህ ድምፁ ቶሎ አይሞትም። በ2020 ያሳተሙት ውጤት ላይ አንድ ካቪቲ ውስጥ የገባ ማይክሮዌቭ እስከ 2 ሰከንድ ቆይቷል። ሁለት ሰከንድማ ክራሩም ይቆያል እንዳትዪኝ፣ የክራሩ ክር በሰከንድ ጥቂት መቶ ጊዜ ነው የሚርገበገበው፣ ይሄኛው በሰከንድ ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ነው፣ ስለዚህ ሳይሞት ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተርገብግቧል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ቁጥሩን ሦስቴ ነው የደገምኩት።

እዚህ ውጤት ላይ እንዴት ደረሱ የሚለው ነው ለወንድምሽ የሚጠቅመው። ክሩን የነካው ጣት ምን እንደሆነ ፈልገው አገኙት። ኒዮቢየም አየር ሲነካው ላዩ ላይ ስስ ኦክሳይድ ይሠራል፣ እንደ ዝገት በይው፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው፣ የፀጉርን ውፍረት አሥር ሺህ ቦታ ብትከፍይው አንዱ ያህል። ፓርቲክል ለመግፋት ኃይለኛ ማይክሮዌቭ ሲገባ ይሄ ሽፋን ብዙም አያስቸግርም፣ ወደ ኳንተሙ ዓለም ወርደሽ በአንዲት ፎቶን፣ የብርሃን ወይም የማይክሮዌቭ ትንሿ ቅንጣት ማለት ነው፣ ስትሠሪ ግን ፎቶኗን ይውጣታል። መፍትሔው ምን ሆነ? ካቪቲውን አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ ማጋል፣ ኦክሳይዱ እንዲጠፋ። ለትንንሾቹ ኪዩቢቶች ደግሞ ኒዮቢየሙ አየር ሳያገኘው በፊት በታንታለም ወይ በወርቅ መሸፈን፣ በዚህ ዘዴ አንዳንድ ኪዩቢት የያዘውን ነገር እስከ 0.6 ሚሊ ሰከንድ ማቆየት ችሏል፣ ለኪዩቢት ይሄ ረጅም ዕድሜ ነው። አየሽ፣ ምድጃ፣ ብረት፣ ሽፋን፣ ብየዳ። ይሄን የሚሠራው ሰው ማቴሪያል ሳይንስ፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል የተማረ ነው፣ ፊዚክሱን ከዛ ላይ ይጨምራል እንጂ ከሱ አይጀምርም።

እኔም ራሴ በውጭ አገር በሠራሁበት አንድ ላብራቶሪ ማቀዝቀዣው አልቀዘቅዝ ብሎን ሳምንታት የለፋንበት ጊዜ ነበር፣ ስሌቱን መረመርን፣ ቲዎሪውን ተከራከርንበት፣ በመጨረሻ የተገኘው አንድ የላላ ብሎን ነው፣ ብረቱ ከብረቱ ጋር በደንብ ስላልተጣበቀ ብርዱ አይተላለፍም ነበር። ያገኘው ደግሞ ቴክኒሺያኑ ነው፣ ዶክተሮቹ አይደለንም። ይሄን ለወንድምሽ ንገሪልኝ።

ሌላ ሰው ብዙ የማያወራው ችግር አለ። ከሰማይ ሁልጊዜ ኮስሚክ ሬይ ይወርድብናል፣ ሙዮን የሚባሉ ፓርቲክሎች አሁን ይሄን ስታነቢ እጅሽን ሰንጥቀው እያለፉ ነው፣ ከባሕር ጠለል ላይ በየደቂቃው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ያህል፣ ደሴ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ እኛ ዘንድ ከዛም ይበዛል። ለሰው ምንም አይደለም፣ ከአያት ቅድመ አያት የኖርንበት ነው። ኪዩቢት ያለበት ቺፕ ላይ ሲያርፍ ግን ቺፑን በሙሉ ያናውጠዋል፣ ብዙ ኪዩቢት በአንዴ ይሳሳታል፣ ስህተት ማረሚያው ዘዴ ደግሞ የታሰበው ስህተቱ አንድ በአንድ ሲመጣ ነው። ለዚህ ነው ፌርሚላብ 100 ሜትር ያህል ከመሬት በታች የኳንተም መሞከሪያ ክፍል የከፈተው፣ ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ክፍል አለው፣ ሁለቱን ያወዳድራል። ዋሻው ቀድሞ የተቆፈረው ኒውትሪኖ ለሚባሉ ፓርቲክሎች ምርምር ነው፣ ፓርቲክል ማየት የለመደ ሕዝብ ፓርቲክል የሚያበላሽበትን ነገር ለማወቅ ከማንም ይቀርባል።

ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ፣ ብዙ የተበላሸ ነገር የሚነገረው እዚህ ላይ ስለሆነ። «ኳንተም ኮምፒውተር መልሶችን ሁሉ በአንዴ ይሞክራል፣ ስለዚህ ከተራው ኮምፒውተር ሚሊዮን ጊዜ ይፈጥናል» የሚለው ስህተት ነው፣ ማሰልጠኛውም ብሮሹሩ ላይ ይሄን ጽፎ ከሆነ አስተማሪው ትምህርቱን አያውቀውም ማለት ነው። ኪዩቢቶቹ ብዙ ሁኔታ ተደራርቦ ይይዛሉ፣ እውነት ነው፣ ስትለኪያቸው ግን የምታገኚው አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም በዕድል። ጥበቡ ያለው ማዕበሎቹን ማጣላት ላይ ነው። ሐይቅ ዳር ቆመሽ ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ብትወረውሪ ሞገዶቹ ተገናኝተው አንዳንዱ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዱ ቦታ ይጠፋፋሉ፣ የኳንተም አልጎሪዝምም የተሳሳተው መልስ እንዲጠፋፋ ትክክለኛው እንዲደጋገፍ አድርጎ ማቀናበር ነው። ይሄ የሚቻለው ለጥቂት ዓይነት ችግር ነው። የሱቅሽን ሒሳብ፣ ፊልም ማየቱን፣ ቴሌግራሙን አንድ ደቂቃም አያፈጥነውም።

ሰርን ውስጥስ? ዋሻው ውስጥ ግጭቱን በሚመዘግበው በአንዱ ትልቅ መሣሪያ (ዲቴክተር) ብቻ በሰከንድ 1 ቢሊዮን ያህል ግጭት ይፈጠራል፣ ያንን ሁሉ ማስቀመጥ ስለማይቻል ኮምፒውተሮች በቅጽበት እየመረጡ አብዛኛውን ይጥሉታል። ማሽኑ ታድሶ ግጭቱ ከአሁኑ ሊበዛ ነው ዕቅዱ፣ ስለዚህ ኳንተም ማሽን ለርኒንግ፣ ኳንተም ኮምፒውተር ከዳታ እየተማረ እንዲለይ ማድረግ ማለት ነው፣ ይረዳን ይሆን ብለው ይሞክራሉ፣ ያልተለመደ ነገር ለመለየት፣ የፓርቲክል መንገድ ለመሳል፣ እንዲህ እንዲህ። እስካሁን የወጣው ውጤት በሐቅ ሲነገር ተራውን ኮምፒውተር በርግጥ በለጠ የሚባል የለም፣ እኔ በዚህ በኩል ብዙ ተስፋ የለኝም። ምክንያቴ የዲቴክተሩ ዳታ ተራ ዳታ ነው፣ ዜሮና አንድ ነው፣ ወደ ኪዩቢት ማስገባቱ ራሱ ጊዜ ይፈጃል፣ በስሌቱ ያተረፍሽውን በማስገቢያው ትከስሪዋለሽ። በርበሬውን በፈጣን ወፍጮ ለማስፈጨት ብለሽ ሩቅ አገር በአህያ እንደመላክ ነው።

ተስፋ ያለኝ ሌላ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ተፈጥሮ ራሷ ኳንተም ስለሆነች እሷን ለማስመሰል ኳንተም መሣሪያ መጠቀም፣ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በ1981 የተናገረው ነው ይሄ። ኳርኮች ተጣብቀው ፕሮቶን እንዴት እንደሚሠሩ፣ በግጭት ሰዓት ደቂቃ በደቂቃ ምን እንደሚሆን ለማስላት ተራ ኮምፒውተር ይጨንቀዋል። መጠኑን ለማየት፣ 28 ኪዩቢት በተራ ላፕቶፕ ለማስመሰል 4 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ይበቃል፣ አንድ ኪዩቢት በጨመርሽ ቁጥር ግን እጥፍ ይሆናል፣ 50 ስትደርሺ ከ16 ሚሊዮን ጊጋ ባይት በላይ ነው፣ ያን ያህል ሚሞሪ የሚሸጥልሽ የለም። ሁለተኛው ሴንሰር ነው፣ እሱ ላይ ከሁሉም በላይ ተስፋ አለኝ። ኪዩቢት በትንሽ ነገር የሚረበሽ ከሆነ ያ ድክመቱ ለመስማት ጥሩ ጆሮ ያደርገዋል ማለት ነው። በዓለም ካለው ቁስ 85 በመቶ የሚሆነው ጨለማ ቁስ ምን እንደሆነ እስካሁን አይታወቅም፣ አክሲዮን የሚባል በጣም ቀላል ፓርቲክል ይሆናል የሚል ግምት አለ፣ ከሆነ አንዳንዴ ወደ አንዲት ፎቶን ይለወጣል፣ ያቺን አንዲት ፎቶን ለመያዝ ያ ረጅም የሚጮኸው ካቪቲ ከኪዩቢት ጋር ተጣምሮ ይጠቅማል። ፌርሚላብ ደግሞ ማጊስ 100 የሚባል በ100 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ አተሞችን ነፃ ለቆ ሲወድቁ በሌዘር የሚለካ መሣሪያ እየሠራ ነው። ይሄ ሁሉ ትልቅ ኳንተም ኮምፒውተር እስኪሠራ አይጠብቅም።

«ዕቃ ያሻግራሉ» የተባለው በጭራሽ እንዳይመስልሽ። በ2020 ፌርሚላብ ካልቴክ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ44 ኪሎ ሜትር ፋይበር ኳንተም ቴሌፖርቴሽን ሠርቷል፣ ከኮምቦልቻ ባቲ ገደማ በይው፣ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት። የተሻገረው የአንዲት ፎቶን ሁኔታ ነው፣ ፎቶኗ አይደለችም፣ ዕቃማ ጭራሽ። ሁኔታው እዛ ሲታይ እዚህ ያለው ይጠፋል፣ ደግሞ በተራ መስመር የሚላክ መልእክት ካልተጨመረበት እዛ ያለው ሰው ምንም አያነብም፣ ስለዚህ ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም። ሰርን ላይ ደግሞ አትላስ የተባለው ቡድን ቶፕ ኳርክ የተባሉት ከባድ ፓርቲክሎች በኢንታንግልመንት፣ የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ሁኔታ ተነጥሎ በማይታይበት የኳንተም ቁርኝት፣ እንደሚተሳሰሩ አይቶ በ2024 አሳትሟል። በጣም ያማረ ልኬት ነው፣ ግን ልኬት ነው እንጂ ቴክኖሎጂ አይደለም፣ ቪዲዮ ሠሪዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ ይፈጩታል።

ስለ ቴሌብሩና ስለ ባንኩ። መሠረት ያለው ስጋት ነው ግን ሰዉ እንደሚያወራው አይደለም። የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር በ1994 ትልቅ ኳንተም ኮምፒውተር ቢኖር ኢንተርኔት ላይ መልእክት የሚቆልፈውን አንዱን የሒሳብ ዓይነት እንደሚሰብረው አሳየ። የሚሰበረው ፓስወርድሽ አይደለም፣ መልእክቱ የሚሄድበት ቁልፍ ነው። ይሄን ለማድረግ የሚያስፈልገው ኪዩቢት በ2019 ግምት 20 ሚሊዮን ነበር፣ በ2025 የወጣ አዲስ ግምት ከ1 ሚሊዮን በታች አውርዶታል፣ አሁን ያሉት ማሽኖች በመቶዎች፣ አልፎ አልፎ ከሺህ በላይ ብቻ ነው ያላቸው። እስከዛው ድረስ ኳንተም የማይሰብረው አዲስ ቁልፍ ተሠርቷል፣ የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም በነሐሴ 2024 የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አጽድቋል። ቁልፉን መቀየር የባንኮቹና የቴሌኮሙ ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ የሚስጥር ቁጥርሽን በስልክ ለሚደውል ሰው አለመናገር ነው፣ የደሴ ሰው ብሩን የሚያጣው በዚህ ነው፣ በኳንተም አይደለም።

አሁን ስለ ልጁ። ሰርን በደላላ ሰው አይቀጥርም፣ ተማሪም አይቀበልም። ማመልከቻው በራሱ ድረ ገጽ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የ3 ወር ሰርተፊኬት የሚያስገባው በር የለም። ኢትዮጵያ አባል አገር አይደለችም፣ ከአፍሪካ አንድም አባል የለም፣ ግን አባል ካልሆኑ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የክረምት ፕሮግራም አላቸው፣ ፊዚክስ ብቻ ሳይሆን ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስም ይቀበላሉ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጨረሰ መሆን አለበት፣ ለተቀበሉት ጉዞውንና መኖሪያውን እነሱ ይሸፍናሉ። ልብ በይ፣ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ይሄ በር ይዘጋበታል። ሳልደብቅ የምነግርሽ ከዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ ሰው ነው የሚያመለክተው፣ ቦታው ጥቂት ነው፣ ባይሳካ ልጁ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል። ከ2010 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ በተለያየ የአፍሪካ አገር የሚካሄድ የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት አለ፣ የፊዚክስ ሊቁ አብዱስ ሳላም በ1964 ጣሊያን ትሪየስቴ ያቋቋመው የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ደግሞ ከታዳጊ አገር ለሚመጡ ዲግሪ ለያዙ ልጆች ወጪውን ችሎ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። ሰርን የሚያስተናግደው ኦፕን ኳንተም ኢንስቲትዩት የሚባልም በ2024 ተጀምሯል፣ ዓላማው መሣሪያው የሌላቸው አገሮች እንዳይቀሩ ነው፣ እሱንም ይከታተለው።

ለመማር ከሆነ ብር አያስፈልገውም። ሰርን ራሱ በ2020 መጨረሻ የሰጠው የሰባት ሳምንት የኳንተም ኮምፒውቲንግ ትምህርት በነፃ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፣ ከኪዩቢት ይነሳና እስከ ኳንተም ማሽን ለርኒንግ ይሄዳል፣ ያ ማሰልጠኛ ከዚህ የተሻለ ይዞ ይመጣል ብዬ አላምንም። ኪስኪት የሚባለው የአይቢኤም ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ መብራትና ኔትወርክ በሚሄድበት ሰዓት እንኳን ባትሪ እስካለ ድረስ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። እውነተኛው ማሽን ላይም በወር 10 ደቂቃ በነፃ ይሰጣሉ፣ ትንሽ ይመስላል ግን አንድ ሙከራ ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ለጀማሪ ይበቃል፣ ቀድሞ በላፕቶፑ አስመስሎ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይላከው።

ከሁሉም በላይ እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ፌርሚላብ ኪዩቢት የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ ሠርቶ ኩዊክ ብሎ ሰይሞ ዲዛይኑንም ኮዱንም ለዓለም በነፃ ለቆታል። ከዚህ በፊት ብዙ ውድ ዕቃ የሚጠይቀውን ሥራ በአንድ ቦርድ እንዲሠራ አደረጉት። ቦርዱ ለኛ አሁንም ውድ ነው፣ ኮዱን ግን ማንበብ ነፃ ነው፣ ማይክሮዌቭና ዲጂታል ሎጂክ የሚወድ የኤሌክትሪካል ተማሪ ያንን ኮድ ከፍቶ ሲያነብ የተማረው ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል። ስለዚህ ኤሌክትሮማግኔቲክሱን፣ ሲግናሉን፣ ኮንትሮሉን ሳይዘል ይማር፣ ከጎን ሊኒየር አልጀብራና ኮምፕሌክስ ቁጥር ደህና አድርጎ ይያዝ፣ ኳንተም ሒሳቡ ሲጀመር ይሄ ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ደግሞ ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ነገር ይምረጥ፣ ማይክሮዌቭ ማጣሪያ ቢሆን፣ ኤፍፒጂኤ በሚባለው ውስጡ በፕሮግራም የሚቀየር ቺፕ ላይ የሚሠራ ሲግናል ማመንጫ ቢሆን። ኳንተሙ ባይሆንለት በዚሁ ሙያ ቴሌኮም ውስጥም ፋብሪካ ውስጥም እንጀራ አለው፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ አጠገብ ተቀምጦ ይሄን ማጣት የለበትም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፣ ኳንተም የሚል ቃል ተለጥፎበት የሚሸጥ ነገር ሲበዛ እያየሁ ነው፣ ውሃ፣ አምባር፣ በሽታ የሚለይ ማሽን። ከዚህ ሁሉ ያወራሁት ፊዚክስ ጋር አይገናኝም፣ ቤት ውስጥ ያለ ማንም ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ወደዛ እንዳይሄድ።

ልጁን ሲነግሩት አይሰማም ካልሽ አትቆጪው፣ ፍላጎቱ ጥሩ ነው፣ ይሄን ጽሑፍ አስነብቢውና ማሰልጠኛውን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅልኝ፦ ከላብራቶሪው ጋር ያላችሁ ስምምነት የት አለ፣ ካልገባሁስ ብሬ ይመለሳል ወይ። የላፕቶፑ ሚሞሪ ከ8 ጊጋ በታች ከሆነ ከዛ 38 ሺህ ላይ ትንሽ ቀንሰሽ አሳድጊለት፣ ሌላው ለሱቁ ይሁን። የሰርን የክረምት ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ጥር ላይ ይዘጋል፣ ቀኑን ከራሳቸው ገጽ ያረጋግጥ፣ የአስተማሪዎቹን የድጋፍ ደብዳቤ ግን ጥርን ሳይጠብቅ ኅዳር ላይ ይጠይቅ፣ ከመላኩ በፊት የጻፈውን ይላክልኝ፣ አየዋለሁ።